መርገጫ የሌላት ፒካፕ

መካኒኩ ግራ ሲገባው ግንባሩን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ጨርቁ ደግሞ የዘይት ጨርቅ ነው። ስለዚህ ምን ያህል ግራ እንደገባው ለማወቅ ፊቱን ማየት ይበቃል፣ መጠየቅ አያስፈልግም። የአንድ ጡረተኛ ቀያሽ ፒካፕ ጋራዥ በገባች በአራተኛው ሳምንት ሰውየው ከቅንድቡ በላይ ከሰል መስሎ ነበር። ጥግ ላይ ባለችው ክፍል መለዋወጫ የምትሸጠው ሚስቱ እንኳ መሳቅ ትታለች፤ እሷ መሳቅ ስትተው ነገር አለ ማለት ነው።

ሰፈሩ ካቻቢቴ ይለዋል። አንድም ቀጭን ነው፣ ሁለትም አንዴ የገባበትን ነገር ሳያጠብቅ አይወጣም። በሃያ ሦስት ዓመት ሥራው "ይህን አልሠራም" ብሎ የመለሰው መኪና የለም፤ ጉዱም የፈላው በዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጠዋት አንዲት የድሮ ፎር ዊል ፒካፕ በበሩ ገባች። ገባች ለማለትም ያስቸግራል። የጭነት መኪና ከነተሳቢው የሚያልፍበት በር ነው፤ እሷ ግን በቀኝ ፓራፋንጎዋ የበሩን ብረት እየፋቀች፣ ጥርስ በሚያስነክስ ድምፅ ነው ያለፈችው። ፊቷ ጠፍጣፋ፣ መብራቷ ሁለት ክብ፣ ስፖንዳዋ ሦስት ቦታ የተበየደ፣ አርባ ዓመት ያለፋት አሮጊት ናት። የዛሬ መኪኖች ሲያስነጥሳቸው ኮምፒዩተር ካልመጣ ይላሉ፤ የእሷ ዘመን መኪኖች ግን በመፍቻና በስድብ ይድናሉ። ካቻቢቴ ገና ሲያያት ወደዳት።

ከውስጧ ሰባን የዘለሉ አጠር ያሉ ሽማግሌ ወረዱ። ኮታቸው የተተኮሰ፣ ጫማቸው የተወለወለ። የተፋቀውን ፓራፋንጎ ዞር ብለው አላዩትም። ቀጥ ብለው ሄዱና ምሰሶው ላይ ለተሰቀለ ቱታ "እንደምን አደርክ" ብለው እጃቸውን ዘረጉለት።

ቱታው ዝም አላቸው። ካቻቢቴ ሌላ መኪና ሥር ተኝቶ ነበርና ይህን ሁሉ አየ። ተንፏቆ ወጣ፣ የተዘረጋውን እጅ ከጎን ተቀበለ፣ "እንደምን አደሩ ጋሼ" አለ፣ ምንም እንዳላየ ሰው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያንገበግበው የከረመው ይኸው ነው። አይቶ አላየሁም አለ።

ሽማግሌው ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት በሦስት እግር ላይ በቆመ መነጽር አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው መሬት ሲለኩ ነው።

"ከፍ ትበልልኝ" አሉ። "ባሌስትራዋ ይቀየር፣ ጎማዋ ይተልቅ። ልጄ ነርስ ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ ክትባት ይዛ ገጠር ትወጣለች። መንገዱ ተበላሽቷል፣ ድንጋዩ የመኪናዋን ሆድ እየመታ አስቸገረን።"

"እርስዎ ነዎት የሚወስዷት?"

"ታዲያ ማን ይውሰድልኝ? እናቷ ካረፈች አሥራ አንድ ዓመት፣ አንድ ሐሙስ ቀርቼ አላውቅም። አንተ እስክትጨርስልኝ ልጄ በመሥሪያ ቤቷ መኪና ተዳብላ ትሄዳለች፤ አንተ ብቻ በደንብ ሥራ።"

ካቻቢቴ ያን ዕለት ምሳ አልወረደለትም። ሚስቱ ጋ ገብቶ በሩን ዘጋና "ሰውየው አያዩም" አላት።

"ታዲያ ንገራቸዋ።"

"ምን ብዬ?"

"አያዩም ብለህ ነዋ። አንዲት ቃል ናት።"

"ሴትዮ፣ የእኔን አባት የሚያህሉ ሰው ፊት ቆሜ ዓይንዎ ጠፍቷል ልበል?"

"እሺ፣ አትሥራላቸው።"

"ሌላ ጋራዥ ይወስዷታላ፤ ራሳቸው ነድተው!"

ይሄኛው እውነት ነበር። ካቻቢቴ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ አንዲት መላ ዘየደ። ፒካፗ እዚህ ጎማዋ ወልቆ በእንጨት ላይ እስከተቀመጠች ድረስ አባትና ልጅ ገደል አይገቡም። ስለዚህ ቀስ ብሎ ይሠራል። ቀስ ብሎ መሥራት ለእሱ እንደ ቅጣት ነው፣ ግን ለሰው ነፍስ ሲል ቻለው። የሁለት ቀኑን ሥራ ሳምንት አደረገው። አንዷን ብሎን ጠዋት ይፈታል፣ ከሰዓት በኋላ ያጥባታል፣ በማግስቱ ያያታል።

እንዲያም ሆኖ ሥራ ሥራ ነውና ወደፊት ሄደ። መኪናዋን የሚሸከመውን የዛገ ባሌስትራ አውርዶ ወፍራሙን ሰቀለ፣ ንዝረት የሚውጡትን ሾኮች በረዥም ቀየረ፣ ፒካፗ አንድ ስንዝር ከፍ አለች። ሽማግሌው በታክሲ መጡ። አላዩም፤ በእጃቸው ዳሰሱ። የሾፌሩን በር ከፍተው የወንበሩን ጫፍ በመዳፋቸው ነኩና ደረታቸው ላይ ለኩት።

"ትንሽ ናት። ሌላ አራት ጣት ጨምርልኝ።"

"ጋሼ፣ ከዚህ ካለፈች መታጠፊያ ላይ ትገለብጥዎታለች።"

"ሁለት ጣት?"

"ሁለት ጣት እሺ። በጎማው ደግሞ ትንሽ እናገኛለን።"

ትልልቁን ጎማ አሰረ። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው ዳሰሱና በበሮቹ ሥር ያሉት መርገጫዎች ይነሱ አሉ፤ ድንጋይ ይመታቸዋል። ይሄ እንኳ ደንብ ነው። ድንጋያማ አገር የሚወጡ ሰዎች ያስነሱታል። ካቻቢቴ አነሳ። በአራተኛው ሳምንት ግን ከበሩ በላይ ያለችውን፣ ሰው ይዟት የሚወጣባትን እጀታ በጣታቸው መታ መታ አደረጉና "ይህችንም ንቀላት" አሉ።

"እሷ ደግሞ ምን አደረገችዎት?"

"ትንኳኳለች።"

ካቻቢቴ እጀታዋን ይዞ ተንጠለጠለባት። አርባ ዓመት እንደዚያው ጸንታ የኖረች ናት፣ ንቅንቅ አላለችም። ሽማግሌውን አያቸው፣ እጀታዋን አያት፣ ግንባሩን ጠረገ። በቅሎ አስረዝሞ እርካቡን የሚያስቆርጥ ሰው አይቶ አያውቅም። በዚያ ላይ ጉልበታቸው ሲራመዱ ይንቋቋል፤ ከታክሲ የሚወርዱት እንኳ በሩን ተደግፈው ነው። ይህን ከፍታ በምን ሊወጡት ነው? ወይ የሰው ጉድ! ነቀላት እንጂ፣ ምን ያድርግ።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ካቻቢቴ ብቻ ነው የሚያደርገው። ሽማግሌው ይሉኝታ ይዟቸው ነው ብሎ አሰበ። ጎረምሶቹ እንደሚያሠሩት እንድትታይላቸው ነው፤ መርገጫ ቢጠይቁ ያረጁ ሊመስላቸው ነው። ከአሮጌው ባሌስትራ አንድ የብረት ቅጠል ወስዶ ቆረጠ፣ አጠፈ፣ ለሁለት ቀን ሞረደ። ከሾፌሩ በር ሥር ተደብቃ የምትቀመጥ፣ ጎረምሳ ጎንበስ ብሎ ካልፈለጋት የማትታይ መርገጫ ሠርቶ በየዳት፣ ጥቁር ቀባት። ማንም ሳያዝዘው።

ሚስቱ የሻይ ብርጭቋን ይዛ መጥታ አየችው።

"ሰውየው እንዳይነዱ ትጸልያለህ፣ መሰላል ደግሞ ትሠራላቸዋለህ። አንተ ሰው ጤና ነህ?"

"ባለቤቱ የማይወጣባት መኪና አለቀች ይባላል?"

"አይባልም። ታዲያ አታልቃ!"

ልክ ናት። እሱም ልክ መሆኗን ያውቃል። ግን እጁ እምቢ አለው፤ ሥራ ጎዶሎ ሆኖ ሲያይ ያንን እጁን የሚይዝለት የለም። ዓይናቸውን የሚመለከተውን ነገር መኪናዋን በማስረክብበት ቀን እነግራቸዋለሁ ብሎ ራሱን ሸነገለ።

ረቡዕ ዕለት ሽማግሌው ሊሞክሩ መጡ። ኮታቸውን አውልቀው ለካቻቢቴ ሰጡት፣ በሩን ከፈቱ፣ እግራቸውን አነሱ። እግራቸው አየር ሲፈልግ መርገጫዋን አገኘ። ጉልበታቸው አንዴ ጮኸ፣ ሌላ ምንም። ሳያስቡት መሪው ፊት ቁጭ ብለው ተገኙ።

ካቻቢቴ ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ቆመ። ሽማግሌው መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊት ለፊት ወዳለው ግድግዳ አፈጠጡ። 

"ምንድን ነው ያደረግከው?"

"መርገጫ ናት ጋሼ። ከእኔ ናት፣ ሒሳብ ውስጥ የለችም።"

"ቁረጣት።"

"ጋሼ?"

"ቁረጣት አልኩህ! አምስት ሳምንት ሙሉ ምን ስልህ ነው የከረምኩት?"

ከዚያ አለቀሱ። ኮታቸውን የያዘው መካኒክ ኮቱን ይስጣቸው፣ ውሃ ያምጣ፣ ይሽሽ፣ ግራ ገብቶት በያዘው ኮት ግንባሩን ሊጠርግ ሲል ሚስቱ ሮጣ መጥታ ነጠቀችው። ሽማግሌው ከመኪናዋ ሳይወርዱ ተናገሩ።

ከአራት ወር በፊት ነው። ሐሙስ ነው። መንገድ ዳር ቀይና ነጭ የተቀባ የቀያሽ ዘንግ ቆሞ አዩ። "ሃምሳ ዓመት ያየሁት ዘንግ ነው፣ ደስ አለኝ። ጠጋ ብዬ ልለፍ አልኩ። ዘንጉን የያዘው ሰው ግን ለዓይኔ አልነበረም። ዳር ዳሩን አያለሁ፣ ፊት ለፊት ሳየው ነገሩ ይጠፋል። ሰውየው ዘሎ ቦይ ውስጥ ገባ። ዘንጉን ሰበርኩት።"

"ልጅዎስ?" አለ ካቻቢቴ።

"እሷ መኪና ሲንቀሳቀስ እንቅልፍ ይወስዳታል፣ ከልጅነቷ ነው። ባንና 'ምንድን ነው አባዬ?' አለችኝ። ድንጋይ ነው አልኳት።"

"ከዚያ ወዲህስ?" አለች ሚስትየው።

"ነዳሁ። ቁልፉን ደብቄ ነበር። የደበቀው ሰው እኔ፣ የሚያገኘውም እኔ! ሐሙስ ጠዋት 'አባዬ ተነስ' ስትለኝ አይሆንም የሚል አፍ አጣለሁ። ስለዚህ መኪናዋ እምቢ ትበለኝ ብዬ ነው ከፍ ያስደረግኳት። ጉልበቴ አልወጣ አለ ብላት ታምነኛለች፤ ጉልበት መታመም የሁሉም ሽማግሌ ነው። መንጃ ፈቃድ አላት፣ ትንዳ።"

"እርስዎስ?"

"እኔማ ቤት እቀራለሁ" አሉ ድምፃቸው ቀንሶ። "እውነቱን ብነግራት ግን ሳላይ የነዳኋትን እያንዳንዷን ሐሙስ ትቆጥርብኛለች። ያንን አልችለውም።"

ካቻቢቴ ለማንም ላይተነፍስ ቃል ገባ። ሽማግሌው በታክሲ ከሄዱ በኋላ ሁለት ቀን የሞረዳትን መርገጫ በአንድ ደቂቃ ቆርጦ ጣላት። ጥሩ ያድርግ መጥፎ አላወቀም። ሰውየው ከእንግዲህ አይነዱም፤ ይሄ ጥሩ ነው። ልጅቷ ደግሞ ተታላ ነው የምትነዳው፤ ይሄስ? ሚስቱን ጠየቃት። "እኔ ብሎን ሻጭ ነኝ" አለችው።

በማግስቱ ሐሙስ ነበር፤ አባትና ልጅ በጠዋት መጡ። ነርሷ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ድምጿ ትልቅ፣ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን በአንድ እጇ ያንጠለጠለች። ፒካፗን ስታይ አፏን ያዘች።

"አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው! ፎቅ ነው እንዴ ያሠራኸው?"

"መንገዱን ታውቂው የለ" አሉ ሽማግሌው። በሩን ከፈቱ፣ እግራቸውን አነሱ፣ አልደረሰም። እንደገና አነሱ፣ ጉልበታቸውን ይዘው አቃሰቱ። ትንሽ አበዙት እንጂ ደህና ተጫወቱት። "ይኸው፣ ጉልበቴ እምቢ አለ። በቃ አንቺ ንጂ።"

"እነዳለኋ፣ ምን ችግር አለው?" አለች፣ ምንም ሳይመስላት።

ሽማግሌው ከሆዳቸው ተነፈሱ። ካቻቢቴም አብሮ ተነፈሰ። በዚህ ቀላል ነገር ያን ያህል መጨነቅ!

ልጅቷ ሣጥኑን ከወንበሩ ኋላ አስገባችና እግሯን አነሳች። አልደረሰም። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ዘለለች፣ መሪውን ያዘች፣ ሆዷ በወንበሩ ጫፍ ላይ ተሰቅሎ ሁለት እግሯ አየር ላይ ቀረ። ወረደች። እየሳቀች እንደገና ሞከረች፣ ያው ነው። ለካ ቁመቷ ቁርጥ አባቷን ነው። ሽማግሌው በአምስት ሳምንት ሁሉን ሲለኩ፣ ሃምሳ ዓመት መሬት የለኩ ሰው፣ ልጃቸውን አልለኩም።

"ኧረ ጋሼ፣ መርገጫ የት አለ?" አለች ወደ ካቻቢቴ ዞራ። "ለአባዬም ለእኔም አንድ ነገር ይበይዱልን እንጂ። እንዲህማ..." ዓይኗ መሬት በተጣለችው መርገጫ ላይ አረፈ። "ይኸውና! ቀለሙ እንኳ አዲስ ነው። ማን ነው የቆረጠው?"

"እኔ" አለ ካቻቢቴ።

"ለምን?"

ካቻቢቴ ግንባሩን ጠረገ። ሚስቱን አያት፤ እሷ ጣሪያውን ታያለች። ቃል ገብቷል። ቃሉን ከበላ ሽማግሌው ያፍራሉ። ካልበላ መርገጫዋን ይበይዳል፣ መርገጫዋ ካለች እሳቸውም ይወጣሉ፣ ከወጡም ይነዳሉ። ልጅቷ መልስ ትጠብቃለች። አፉን ከፈተ፣ ምን እንደሚወጣው ራሱም አላወቀም።

"እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት" አሉ ሽማግሌው። "መርገጫ ካለ እነዳለሁ።"

"ንዳ ታዲያ! ምን ይጠበስ?"

"አላይም።"

ልጅቷ ፈገግታዋ ገና ፊቷ ላይ ነበር።

"ያን ጊዜ ድንጋይ ነው ያልኩሽ" አሉ ሽማግሌው፣ "ሰው ነበር። አልገጨሁትም፣ ዘለለ። አላየሁትም ግን። ዓይኔ መሐሉ ጠፍቷል።"

 ልጅቷ አባቷን አየች፣ መኪናዋን አየች፣ ዓይኗ ሩቅ ሄደ። ጣቶቿን በአውራ ጣቷ እየነካች መቁጠር ጀመረች። ሽማግሌው ይህን አላዩም፣ ግን አወቁት።

"ስንት ሐሙስ ነው?" አለች። "ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ?"

"አሥራ ሁለት። ቆጥሬያቸዋለሁ።"

"አሥራ ሁለት ጊዜ አጠገብህ ተኛሁ።"

"አዎ።"

"አንተን አምኜ ነው የምተኛው እኮ።"

 ሽማግሌው ታዝንልኛለች ብለው ፈርተው ነበር፤ እሷ ግን አላዘነችም፣ ተቆጣች። ወደ ካቻቢቴ ዞራ "ይበይዱልኝ" አለች። "በሾፌሩ በር ብቻ።"

ካቻቢቴ በየደ። በሕይወቱ እንደዚያ ፈጥኖ በይዶ አያውቅም። ልጅቷ መዳፏን ለአባቷ ዘረጋች።

"ቁልፍ።"

ከኪሳቸው አወጡ።

"ሌላው።"

ከባርኔጣቸው ገበር ውስጥ አወጡ።

"አባዬ።"

ጎንበስ አሉና ከካልሲያቸው ሦስተኛውን አወጡ። "አንድ ደግሞ ቤት አለ፣ ስኳር ዕቃው ውስጥ" አሉ፤ ሚስትየው ሳቋን ለመዋጥ ፊቷን አዞረች።

ብየዳው በረደ። ልጅቷ መርገጫዋን ረግጣ ወጣች፣ ወንበሩን ወደፊት ሳበች፣ ሞተሩን አስነሳች። ሽማግሌው ኮታቸውን አስተካክለው ከፒካፗ ራቅ ብለው ቆሙ፤ ሰው እንደሚሸኝ ሰው። ልጅቷ የጎኑን በር ከውስጥ ገፍታ ከፈተችው።

"አላናግርህም" አለች። "ዛሬም ነገም አላናግርህም። ና ግባ።"

"እኔ?"

"መንገዱን ተኝቼ ነው የማውቀው። ማን ሊያሳየኝ ነው?"

በዚያ በኩል መርገጫ የለ፣ እጀታ የለ። ልጅቷ ከላይ በሁለት እጇ ሳበች፣ ካቻቢቴ ከታች እንደ ጆንያ ገፋ፣ ሽማግሌው እያቃሰቱ ገቡ፤ አሁን ማቃሰቱ የእውነት ነበር። ፒካፗ ቀስ ብላ ተንቀሳቀሰች፣ በሩን በመሐሉ አለፈች። ካቻቢቴና ሚስቱ እስከ መንገዱ ተከትለው ወጡ፤ መስኮቱ ክፍት ነበርና የሚባባሉት ይሰማል።

"ሁለተኛ አስገቢ፣ ሞተሩ ጮኸ" አሉ ሽማግሌው።

"ዝም በል አባዬ" አለች፣ ሁለተኛውን ግን አስገባች።